በሐርጌሳ ያሉት የሞባይል ማማዎች አንድ ሰዓት ስለ መጠበቃቸው

ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶግ ወጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚሄድ ነጋዴ በከተማይቱ ገበያ አስቀድሞ ዐይኑን የሚስበው በየመንገዱ ዳር እንደ ሸክላ ተደራርቦ የተቀመጠው የሶማሌላንድ ሽልንግ ነው። ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ የገበያውን አሠራር የተመለከተ እንደ ሆነ፥ ከዚያ ክምር ይልቅ የሚበዛው ገንዘብ በእጅ የማይያዝ መሆኑን ይረዳል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ በ2009 ዓ.ም. ዛድ የተሰኘውን የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ጀመረ፤ ከዚያም የዳሃብሺል ድርጅቶች አንዱ የሆነው ሶምቴል ኢዳሃብ በሚባለው አገልግሎት ተከተለው። ከዚያ ወዲህ የሱቅ ዕቃ፥ የታክሲ ዋጋ፥ የሠራተኛ ደመወዝ፥ ከሐረርጌ በየቀኑ ተጭኖ የሚደርሰው ጫት ሳይቀር በስልክ ይከፈላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።)

እንግዲህ በኰረብታው ላይና በየሕንፃው ሰገነት የቆመው የሞባይል ማማ የወሬ መለዋወጫ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ የገንዘብ ሣጥን በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማማው ሥራውን በአቋረጠ ጊዜ ሻጭና ገዢ ተፋጥጠው ይቆማሉ። ስለዚህም ሕዝቡ፥ «በስልኬ ላይ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ንግግሩ የሚቋረጠው፥ የላክሁትም ገንዘብ መንገድ ላይ የሚቀረው ስለ ምን ነው?» እያለ መጠየቁ ተገቢ ነው። ለዚህ ምክንያት የሚሆኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። የኤሌክትሪክ መጥፋት፥ የፋይበር ገመድ መቈረጥ፥ የተጠቃሚው ብዛት ሁሉም የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ በቀር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርለት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የማማዎቹ ሰዓት እርስ በርሱ ሳይስማማ መቅረቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ለመግለጥ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ሰዓት ሲባል በስልኩ ፊት ላይ የሚታየው፥ ለሥራ የምንነሣበትና ለጸሎት የምንጠራበት ሰዓት አይደለም። በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት የሆነው በፈረንጅ 12 ቢባል ለማማው ምንም አይለውጥበትም። የስልኩ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቢያዘገይ ባለቤቱ ቀጠሮ ይረፍድበታል እንጂ ንግግሩ አይቋረጥም። ማማውን የሚያስጨንቀው የሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ይኸውም ሰከንዱን ለአንድ ሚሊዮን ቢከፍሉት ከሚገኘው አንዱ ክፍል፥ ማይክሮ ሰከንድ ተብሎ የሚጠራው ነው።

ከማማዎቹ የሚፈለገው ስምምነት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የቅኝት ስምምነት ነው። አምስት ክራር ደርዳሪዎች አንድ ዜማ ለመጫወት ሲሰበሰቡ አስቀድመው ክራራቸውን በአንድ ቅኝት ያስማማሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጥቂት ቢያላላ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ማማዎችም እንደዚሁ የራዲዮ ሞገዳቸውን በአንድ ልክ መቃኘት አለባቸው። ለትልልቆቹ ማማዎች በዓለም አቀፍ ደንብ የተፈቀደው መዛነፍ ከአንድ ቢሊዮን 50 ብቻ ነው። በ900 ሚሊዮን ኸርዝ በሚሠራው የሞባይል ሞገድ ላይ ይህ ቢሰላ 45 ኸርዝ ብቻ ይሆናል። ይህንኑ በሰዓት ቋንቋ እንናገረው ብንል፥ በ231 ቀን ውስጥ አንድ ሰከንድ ብቻ የምትዛነፍ ሰዓት ማለት ነው። ተራ የእጅ ሰዓት ግን በአንድ ወር ውስጥ እስከ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ብትዛነፍ ማንም አይደነቅባትም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገበት ምክንያት በኪስ ያለው ስልክ የራሱ የሆነ ትክክለኛ ቅኝት ስለሌለው ነው። ስልኩ ርካሽ ክሪስታል ይዞ ቅኝቱን ከማማው ይዋሳል። አንድ ሰው ከከተማው መካከል ተነሥቶ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚታዩት ወደ ናሳ ሐብሎድ መንታ ኰረብቶች በመኪና እየተጓዘ ቢነጋገር፥ ስልኩ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ማማ መሻገር አለበት። ሁለተኛው ማማ በሌላ ቅኝት የሚጫወት ከሆነ ስልኩ ሊይዘው አይችልም፤ ንግግሩም በመንገድ ላይ ይቈረጣል። ተናጋሪው ግን የሚያየው ምልክቱ ሙሉ መሆኑን ነውና ነገሩ ይደንቀዋል። ሁለቱም ማማዎች ለየብቻቸው ሲመረመሩ ደኅና ሆነው ስለሚገኙ እንዲህ ያለው ብልሽት የባለሙያውንም ቀን የሚያባክን ነው።

ሁለተኛው ስምምነት የተራ ስምምነት ሲሆን፥ ከፊተኛው ይልቅ የጠበቀ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በበጋ ወራት በውሃ ጕድጓድ ዙሪያ ያለውን ደንብ ያውቃል። ግመሎቹ በተራ ይጠጣሉ፤ የአንዱ መንጋ ሳይጨርስ የሌላው መንጋ ከገባ ግን ውሃውም ይደፈርሳል፥ ጠብም ይነሣል። በሞባይል አሠራር ውስጥም ማማው የሚናገርበትና ስልኩ የሚናገርበት ሞገድ ተለይቶ የተሰጠበት ዐይነት አለ፤ እንደዚህ ባለው ዘንድ ከቅኝት በቀር ብዙ ችግር የለም። ሌላው ዐይነት ግን አንዱን ሞገድ ለሁለቱም የሚያገለግል አድርጎ ጊዜውን ያካፍላል፤ ለጥቂት የሺኛ ሰከንድ ክፍል ማማው ይናገራል፥ ከዚያም ዝም ብሎ ስልኮቹን ይሰማል። ከአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከፊሉ፥ ከአምስተኛው ትውልድ ደግሞ አብዛኛው በዚህ በተራ አሠራር የሚሄድ ነው።

እንዲህ ባለው አሠራር በአንድ አካባቢ ያሉት ማማዎች ሁሉ በአንድነት መናገር፥ በአንድነትም ዝም ማለት አለባቸው። አንዱ ማማ ተራውን ቢያዛባ ጎረቤቱ በሚሰማበት ጊዜ ይጮኽበታል። የማማው ኀይል በብዙ ዐሥር ዋት ሲቈጠር፥ የስልኩ ኀይል ግን ከአንድ ዋት አምስተኛ እጅ አይበልጥም። ማማውም ከፍ ብሎ ስለ ቆመ ድምፁ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይደናቀፍ ይደርሳል። ስለዚህ ሰዓቱ የተዛባበት ማማ የሚያውከው የራሱን ደንበኞች ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ማማዎች ሁሉ ነው፤ ጥፋቱ በአንድ ቦታ ሆኖ አቤቱታው ግን ከሌላ ሰፈር የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ እንዳይደርስ የተወሰነው ልክ እያንዳንዱ ማማ ከእውነተኛው ሰዓት ከአንድ ተኩል ማይክሮ ሰከንድ የበለጠ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይዛነፍ ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ይሄዳልና፥ አንድ ተኩል ማይክሮ ሰከንድ ማለት ሞገዱ 450 ሜትር የሚሄድበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው፥ «ታዲያ ጥሩ ሰዓት ገዝቶ በማማው ውስጥ ማስቀመጥ አይበቃምን?» ሊል ይችላል። መልሱን ራሱ ቍጥሩ ይሰጠዋል። በ31 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ውስጥ አንድ ሰከንድ ብቻ የምትዛነፍ እጅግ ግሩም ሰዓት ቢገዛ፥ መዛነፏ ከቢሊዮን አንድ ነው። ይህች ሰዓት ያለ ተቈጣጣሪ ብትተው የአንድ ተኩል ማይክሮ ሰከንዱን ወሰን በ25 ደቂቃ ውስጥ ታልፋለች። ማማዎቹን ለአንድ ሙሉ ቀን ያለ እርዳታ ለማቆየት ከዚህች ሰዓት ስድሳ ጊዜ ያህል የተሻለች ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘዴው አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ማማዎች ዐይናቸውን ከአንድ ምንጭ ሳያነሡ በየጊዜው ራሳቸውን ማረም አለባቸው።

ምንጩ በሰማይ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሳተላይት ሥርዐት በ1995 ዓ.ም. ሙሉ ሥራውን የጀመረ ሲሆን፥ ሳተላይቶቹ ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዱም ሳተላይት የአቶም ሰዓት ተሸክሟል። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ ሰከንድ የሚባለው የሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ጊዜ መሆኑ ተወስኗልና፥ ሳተላይቶቹ ከመሬት እየታረሙ ይህን ልክ ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ይናገራሉ። ብዙ ሰው ይህን ሥርዐት የሚያውቀው ለመንገድ መፈለጊያ ነው። ነገር ግን መንገድ መፈለጉ ራሱ ከጊዜ መለካት የተገኘ ነው፤ ተቀባዩ ከአራት ሳተላይቶች የሚደርሰውን ምልክት የጊዜ ልዩነት አስልቶ ያለበትን ቦታና ትክክለኛውን ሰዓት በአንድነት ያገኛል። ማማ ደግሞ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ፥ ቦታው አንድ ጊዜ በትክክል ከተለካ በኋላ ሰዓቱን ለማግኘት አንድ ሳተላይት ብቻ ቢታየው ይበቃዋል። ከአሜሪካው ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፥ የአውሮጳው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ አሉ፤ አዲስ የሚገዙት ተቀባዮች ከእነዚህ ከሁለት ወይም ከሦስቱ እንዲሰሙ ሆነው ቢመረጡ ይሻላል።

በዚህ ረገድ ሐርጌሳ ዕድለኛ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሰፊ ሜዳና በዝቅተኛ ኰረብቶች መካከል ስላለች ሰማይዋ ክፍት ነው፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል እንደ ተቀበሩት ታላላቅ ከተሞች ሳተላይቱ ከግድግዳ ኋላ አይሸሸግባትም። ይሁን እንጂ አንድ ጠባይ አለ። ከመሬት የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ባሉት አገሮች፥ ማለት በኢትዮጵያና በሶማሌላንድ ላይ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው ሰማይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ አየር ይታወካል፤ የፀሐይ ነበልባል በሚበረታባቸው ዓመታት ደግሞ ሁከቱ ይብሳል። ምልክቱ በዚህ አየር ውስጥ ሲያልፍ እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ተቀባዩም ለጥቂት ጊዜ ሊስተው ይችላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሚያጠኗቸው ነገሮች አንዱ ይህ የላይኛው አየር ጠባይ ነው። ጥሩ የውስጥ ሰዓት ያለው ማማ ይህን አጭር ጊዜ ሳይናወጥ ያልፈዋል።

ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት መሬት ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ስለዚህ ሰማዩን የምታየው ትንሽ አንቴና አተካከል ሊናቅ አይገባም። ከትልቁ አንቴና ፊት ለፊት ወይም ከብረት ግድግዳ ሥር ከተተከለች ትታወራለች። ውሃ ወደ ገመዱ መጋጠሚያ ከገባ ምልክቱ ይጠፋል፤ የመብረቅ መከላከያ ከሌላትም አንድ የክረምት ነጐድጓድ ሊያቃጥላት ይችላል። የገመዱም ርዝመት ራሱ የሚቈጠር ነው። ምልክቱ በአንድ ሜትር ገመድ ውስጥ ለማለፍ አምስት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይወስድበታልና፥ 50 ሜትር ገመድ ሩብ ማይክሮ ሰከንድ ያዘገያል፤ ይህ ከተፈቀደው ልክ ስድስተኛው እጅ ነው። ተካዩ የገመዱን ርዝመት በመሣሪያው ውስጥ ካልመዘገበ ማማው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ዘግይቶ ይኖራል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለ ሆነ መረሳቱ የሚያሳዝን ነው።

የሰማዩ ምልክት ሲጠፋ ማማው በራሱ ሰዓት ይተማመናል። ይህ የውስጥ ሰዓት በትንሽ ምድጃ ውስጥ የተቀመጠ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ኳርትዝ ሙቀት ሲለዋወጥበት ቅኝቱ ስለሚለዋወጥ፥ ምድጃዋ ሁልጊዜ በአንድ ሙቀት ትጠብቀዋለች። እንደ ጥራቱ ከጥቂት ሰዓታት አንሥቶ እስከ አንድ ቀን ድረስ ወሰኑን ሳያልፍ ሊቆይ ይችላል። የሩቢዲየም ሰዓት ከዚህ የበለጠ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ስለ ሆነ በየማማው ሳይሆን በዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች ላይ ቢቀመጥ የተሻለ ይሆናል።

የምድጃዋ ጠላት የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲያልቅበት ባትሪውም ሲደክም ምድጃዋ ትቀዘቅዛለች። ኤሌክትሪኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መብራቱ ቢበራም ክሪስታሉ ሞቆ ጠባዩ እስኪረጋ፥ ተቀባዩም ሳተላይቶቹን እንደገና እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ያስፈልጋል። ሕዝቡ፥ «መብራቱ መጥቷል፥ ስልኩ ግን እምቢ አለ» የሚልበት ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማማ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ ለሰዓቱ የምትሆን ትንሽ ባትሪ ከትልቁ ተለይታ እንድትቀመጥ ቢያደርግ፥ ብዙ ወጪ ሳይጨምር ብዙ ችግር ያቃልላል። በሐርጌሳ ፀሐይ የማይጠፋ ስለ ሆነም አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ ለዚህች ባትሪ ትበቃለች።

ሰዓቱን በምድር ማድረስም ይቻላል። በፋይበር ገመድ በኩል ሁለት ነገር ይላካል። አንደኛው ቅኝቱ ነው፤ በገመዱ ውስጥ የሚሄደው የብርሃን ምት ራሱ እንደ ከበሮ ሆኖ ቅኝቱን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ያደርሳል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ ለዚህም በ2002 ዓ.ም. ታትሞ በ2008 እና በ2019 ዓ.ም. የታደሰ ደንብ አለ። ዘዴው እንዲህ ነው። በአንድ ከተማ ያለ ሰው በሌላ ከተማ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልግ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው የደረሰበትንና የተመለሰበትን ሰዓት መዝግቦ፥ የመንገዱን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ ትክክለኛውን ሰዓት ያገኛል። ይህ ግን መሄጃውና መመለሻው መንገድ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ሲሄድ በአቋራጭ፥ ሲመለስ በዙሪያ ከመጣ ስሌቱ በልዩነቱ ግማሽ ይሳሳታል።

ይህ ተረት አይደለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ አምስት ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የመሄጃው ገመድ ከመመለሻው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢረዝም ስሕተቱ ሁለት ተኩል ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይህም ከተፈቀደው ወሰን አልፏል። መንገድ ሠሪዎች ቈፍረው ገመድ ሲቈርጡና ጥገናው በሌላ ክር ሲደረግ እንዲህ ያለው ልዩነት በድንገት ይፈጠራል። ኢንተርኔቱ ደኅና ይሠራል፤ ሰዓቱ ግን ተዛብቷል። በመንገዱ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም መልእክተኛውን ለስንት ጊዜ እንዳቆዩት ካልተናገሩ፥ ተጠቃሚ በበዛበት ሰዓት ስሌቱ ይበላሻል። በየኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሠራው የተለመደው የኢንተርኔት ሰዓት ማረሚያ በሺኛ ሰከንድ ስለሚሳሳት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሰማይንም ቢሆን አምኖ መተኛት እንደማይገባ በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 26 ቀን የሆነው ነገር ያስረዳል። በዚያ ቀን አንድ ያረጀ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ፥ ከሌሎቹ ሳተላይቶች አንዳንዶቹ 13.7 ማይክሮ ሰከንድ የተዛነፈ የሰዓት ማረሚያ ቍጥር ለብዙ ሰዓታት አሰራጩ። በልዩ ልዩ አገር የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰጡ፤ የራዲዮ ማሰራጫዎችም ታወኩ። ሳተላይቶቹ አልወደቁም፥ ምልክቱም አልጠፋም፤ የተላከው ቍጥር ብቻ ስሕተት ነበረ። ከሁለት ምንጭ እየሰማ የሚያነጻጽር ተቀባይ እንዲህ ያለውን ስሕተት ይለየዋል፤ አንዱን ብቻ የሚያምን ግን ከነስሕተቱ ይከተለዋል።

በዚያው ሥርዐት ሌላም የታወቀ ቀን አለ። ጂ.ፒ.ኤስ. ሳምንታትን የሚቈጥረው እስከ 1,024 ብቻ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ በ1999 ዓ.ም. ኦገስት እና በ2019 ዓ.ም. ኤፕሪል ደርሶ አልፏል፤ በ2019 ዓ.ም. ያረጁ ተቀባዮች በየስፍራው ቀኑን ሃያ ዓመት ያህል ወደኋላ መልሰው ተገኝተዋል። ቀጣዩ በ2038 ዓ.ም. ኖቬምበር ነው። ዛሬ የሚገዛ መሣሪያ እስከዚያ ድረስ ሊያገለግል ስለሚችል፥ ገዢው ሻጩን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት ቢጠይቅ አይከፋም።

የባሕሩ ዳርቻ ደግሞ የራሱ ሥጋት አለው። በ2025 ዓ.ም. ሜይ 10 ቀን ኤም.ኤስ.ሲ. አንቶኒያ የተባለችው የዕቃ መርከብ በቀይ ባሕር ከጅዳ አቅራቢያ በአሸዋ ላይ ተቀመጠች፤ የመርከብ ጉዞ ተመልካቾችም ምክንያቱ የሳተላይት ምልክት በሰው እጅ መታወክ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ከመሬት ላይ የሚደረግ እንዲህ ያለ ሁከት ከአድማስ ወዲያ ስለማይሻገር ከባሕሩ በምትርቀው በሐርጌሳ ላይ ወዲያው ይደርሳል ማለት አይደለም። በበርበራ ወደብ ያሉት ማማዎች ግን ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያዩ ናቸውና፥ ሰዓታቸውን ከሰማይም ከፋይበርም ቢቀበሉ ጥንቃቄ ይሆናል። በከተማም ውስጥ ቢሆን መኪናው እንዳይታወቅበት ብሎ በሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ ማወኪያ የያዘ አንድ ሹፌር ከማማ ሥር ቢቆም ተቀባዩን ያደነቍረዋል። ይህን ዕቃ በጕምሩክ በር ላይ መያዝ የባለሥልጣኖች ሥራ ነው።

ለባለሥልጣኖች የሚቀርብ ሌላም ጕዳይ አለ። በሐርጌሳ ብዙ ሰው የሁለት ኩባንያ ስልክ ይዞ ይታያል። ሁለቱ ኩባንያዎች ተጎራባች በሆነ ሞገድ በተራ አሠራር የሚሠሩ ከሆነ፥ እያንዳንዱ ለብቻው ትክክለኛ ሰዓት መያዙ አይበቃም፤ የመናገሪያና የመስሚያ ተራቸውንም በአንድ ልክ መከፋፈል አለባቸው። በቶግ ወጫሌም እንዲሁ ነው፤ የድንበሩ ኬላ ሰውን ያቆማል እንጂ ሞገድን አያቆምም። በወዲህና በወዲያ ያሉት ኩባንያዎች በአንድ ዐይነት ሞገድ በተራ አሠራር ቢሠሩ፥ በምን ልክ እንደሚካፈሉ አስቀድሞ መነጋገር የሚኖርባቸው የሁለቱ ወገን መሥሪያ ቤቶች ናቸው። መንገድ ለማስቈፈር ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤትም ቍፋሮው ከመጀመሩ በፊት ለቴሌፎን ኩባንያዎቹ ቢያስታውቅ፥ ከገመዱ ጋር ሰዓቱንም አድኗል ማለት ነው።

የከተማው ነዋሪም ለኩባንያው አቤቱታ ሲያቀርብ፥ «ኔትወርክ የለም» ከሚል ይልቅ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ሰፈሩንና ቆሞ ወይም በመኪና እየሄደ መሆኑን ቢያስታውቅ ባለሙያውን ብዙ ይረዳል። ቆሞ ሲነጋገር ደኅና ሆኖ ዘወትር በአንድ መታጠፊያ ላይ የሚቈረጥ ንግግር ከሁለቱ ማማዎች ቅኝት አለመስማማት ሊመጣ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስቸግር ማማ ስለ ምድጃዋና ስለ ባትሪዋ ይናገራል። መሸት ሲል ብቻ የሚሆነው ደግሞ ወይ ከተጠቃሚው ብዛት ወይ ከላይኛው አየር ሁከት የመጣ ይሆናል፤ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ባለሙያው የተቀባዩን መዝገብ ከፍቶ በዚያ ሰዓት ስንት ሳተላይት ይታየው እንደ ነበረ ይቈጥራል።